«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት



የኮምፒውተር ክበባችሁ ጋብዞ እዚህ አቁሞኛል። አዘጋጆቹን ስለ ምን ልናገር ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ብዙዎቻችን ዊንዶውስና ኡቡንቱን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጭነናል፤ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ሲለን ግን የምንይዘው የምንጨብጠው ይጠፋናል» አሉኝ። ይህን ርዕስ የተቀበልኩት በደስታ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ተረጋግቶ የሚያስረዳ ሰው ብዙ አላየሁምና።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ላፕቶፕ አልነሳ ሲል በየጥገና ቤቱ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ባለቤቱም እሺ ይላል። ፎርማት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ማታ ቤቱ ገብቶ ላፕቶፑን ሲከፍት ነው፤ የልጆቹ ፎቶ የለም፣ የመመረቂያ ጽሑፉ የለም፣ የድርጅቱ ሒሳብ የለም። እኔ ዛሬ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። አልነሳ ባለ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። የተቋረጠው ወደ ፋይሉ የሚወስደው መንገድ ነው፤ እሱም አንዲት ቦታ ላይ። ቦታዋን ያገኘ ሰው ፎርማት አያስፈልገውም። ስለዚህ ዛሬ ደጋግሜ የምጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማሽኑ የት ላይ ቆመ?

ንግግሬ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚነሳ እናያለን። ቀጥሎ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እንዳስሳለን። ከዚያ ሁለቱ ሲስተሞች አብረው ሲኖሩ ብቻ የሚመጡትን ጣጣዎች እናነሳለን። የትእዛዞቹን ሙሉ አጻጻፍ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስላሰፈርኩት እዚህ ስማቸውን ብቻ እጠራለሁ፤ ለመጻፍ አትቸገሩ።

ለመሆኑ ሁለት ሲስተም ምን ያደርጋል የሚል ካለ ተገቢ ጥያቄ ነው። በፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በአውቶካድ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ያለው ጸሐፊ ዊንዶውስን መተው ይቸግረዋል። ፕሮግራሚንግ የሚማር፣ ሰርቨር የሚለማመድ ደግሞ እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ገበያችን ላይ ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ያንን አያሟሉም። ሁለት ላፕቶፕ የመግዛት አቅም ያለው ተማሪ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዱ ማሽን ለሁለቱም ይበቃል፤ አያያዙን ካወቅንበት።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ላፕቶፕ እንዴት ይነሳል?

የዱላ ቅብብል ሩጫ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ አራት ሯጮች ዱላ ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ በድሮዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሁለተኛው አስነሺው ነው፤ በሊኑክስ በኩል ግረብ፣ በዊንዶውስ በኩል የዊንዶውስ ቡት ማናጀር። ሦስተኛው የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው። አራተኛው ከርነሉ ከተነሳ በኋላ የዲስኩን ክፍሎች፣ ማለትም ፓርቲሽኖቹን፣ በየቦታቸው የሚያገናኘውና የመግቢያውን ገጽ የሚያመጣው የቀረው ሲስተም ነው። ዱላው ሲወድቅ የሚወድቀው በሁለት ሯጮች መካከል ነው። በየትኞቹ መካከል እንደወደቀ ስክሪኑ ይናገራል፤ እኛ ግን ጽሑፉን ሳናነብ ቁልፉን ተጭነን ደጋግመን እናጠፋዋለን። እባካችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለሚጠግነው ሰው ያ ፎቶ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል።

አሁን አንድ ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ባዮስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር ለገበያ የቀረበ አሮጌ ስልት ነው። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን 512 ባይት አንብቦ ዱላውን ለእሷ ይሰጣል። ከ512ቱ ውስጥ ለአስነሺው የተተወው 446 ባይት ብቻ ነው፤ የቀረው የፓርቲሽን ሰንጠረዥና የማረጋገጫ ምልክት ነው። መቀመጫዋ አንዲት ስለሆነች ባለቤቷም አንድ ነው። ግረብ ተቀምጦባት ሳለ ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ ግረብን አስነስቶ ራሱ ይቀመጥባታል።

ዩኢኤፍአይ ግን እንዲህ አይደለም። ዲስኩ ላይ በፋት32 የተዘጋጀች ትንሽ ፓርቲሽን አለች፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አትበልጥም። ውስጧ ብትገቡ ማይክሮሶፍት የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ከጎኑ ኡቡንቱ የሚል ሌላ ፎልደር ታገኛላችሁ። ሁለቱ በሰላም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ማዘርቦርዱ ደግሞ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ «መጀመሪያ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» የሚል ተራ ይዟል። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲያደርግ ወይም እንደገና ሲጫን የኡቡንቱን ፎልደር አይነካም፤ ተራውን ቀይሮ ራሱን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል እንጂ። የእናንተ ማሽን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስኢንፎ32 የሚለውን ክፈቱና ባዮስ ሞድ ከሚለው መስመር ፊት ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ የሚል አንብቡ፤ ሌጋሲ ማለት የድሮው የባዮስ ስልት ነው። ሊኑክስን ስትጭኑም ፍላሹን በዚያው ስልት አስነሱት። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ፣ ኡቡንቱው በሌጋሲ ከተጫነ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አይተያዩም። ከተማው ውስጥ ካየኋቸው ችግሮች ስንቱ ከዚህች አንዲት ግድየለሽነት እንደተወለደ ሳስብ ያናድደኛል።

ሁለተኛው ነጥብ፤ የሚቆምባቸው ቦታዎች።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ግዴታ አለብን። ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን አውጡ። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ኡቡንቱ የተዘጋጀበት አንድ ፍላሽ ነው፤ 8 ጊጋባይት ይበቃዋል። ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱትና «ሳልጭን ልሞክር» የሚለውን ምረጡ። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍ የኡቡንቱ ስክሪን ይመጣላችኋል። ከዚያ፣ ዲስኩ ካልተቆለፈ፣ የዊንዶውሱንም የሊኑክሱንም ፎልደሮች ከፍታችሁ ወደ ውጭ ዲስክ ትቀዳላችሁ። ሥራው ይኸው ነው። «ማሽኑ ካልተነሳ ፋይል ማውጣት አይቻልም» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ፣ ይህን ፍላሽ አሳዩት።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ትናንት ሲከፈት ዊንዶውስ ወይስ ኡቡንቱ የሚል ምርጫ ይመጣ የነበረው ላፕቶፕ ዛሬ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍታል። ሰዎች «ዊንዶውስ ኡቡንቱን በላው» ይላሉ። የት ላይ ቆመ? የመጀመሪያው ሯጭ ዱላውን ለዊንዶውስ ሰጥቶታል፤ ግረብን አልጠራውም። አዲስ ማሽን ከሆነ ግረብ እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ተቀምጦ ተራውን እየጠበቀ ነው። የመነሻ ምርጫውን አምጡ፤ በኤችፒ ኤፍ9፣ በዴል ኤፍ12፣ በሌኖቮም አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12 ነው። ኡቡንቱ የሚል ስም ካያችሁ ምረጡት፤ ይነሳል። ከዚያ ኡቡንቱ ውስጥ ሆናችሁ ኢኤፍአይ ቡት ማናጀር በሚባለው ትእዛዝ ተራውን አስተካክሉ፤ ወይም ከማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ገብታችሁ ኡቡንቱን ወደ ላይ አውጡት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዳንድ ላፕቶፖች ተራውን አስተካክላችሁትም አይሰሙም፤ በነጋታው ተመልሰው ዊንዶውስ ያስቀድማሉ። ይህ የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ጠባይ ነው። መጀመሪያ ይህንኑ ፕሮግራም፣ በልማድ አሁንም ባዮስ የሚባለውን፣ አፕዴት አድርጉት። እምቢ ካለ በዊንዶውስ በኩል ቢሲዲኤዲት በሚባለው ትእዛዝ የቡት ማናጀሩን አድራሻ ወደ ኡቡንቱ ፎልደር ማዞር ይቻላል፤ ወረቀታችሁ ላይ አለ፤ ፊደል ሳትሳሳቱ ጻፉት።

ማሽኑ አሮጌ፣ ስልቱ ሌጋሲ ከሆነ ግን ግረብ በእርግጥም ከመቀመጫው ተነስቷል። ያኔ በፍላሹ ተነስታችሁ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ታገናኛላችሁ፣ ወደ ውስጡ ትገባላችሁ፣ ግረብ ኢንስቶል ቀጥሎም አፕዴት ግረብ ትላላችሁ። በትእዛዝ መሥራት የሚያስፈራው ቡት ሪፔር የተባለውን ነፃ መሣሪያ በዚያው ፍላሽ ላይ ጭኖ በአንድ አዝራር ይህን ሁሉ ማሠራት ይችላል። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጃችሁ እንድትሠሩት እመክራለሁ፤ መሣሪያው ሲያቅተው የሚደርስላችሁ ያ ልምድ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ኡቡንቱ ይነሳል፣ ምርጫው ላይ ግን ዊንዶውስ የለም። ሰው ደንግጦ «ዊንዶውሴ ጠፋ» ይላል። አልጠፋም። ከግረብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር የተባለው ክፍል ለደኅንነት ሲባል ሳይበራ እንዲቀመጥ ተደርጓል። በግረብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምራችሁ አፕዴት ግረብ ስትሉ ዊንዶውስ በዝርዝሩ ይመጣል።

አሁን ረጋ ብዬ የማወራው ሁለተኛው ሯጭ ላይ ስለሚሆነው ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ «እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣና ከሥሩ ግረብ ሬስኪዩ የሚል ቃል ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው ይህን ሲያይ ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል።

አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያገለገለ ላፕቶፕ አላት፤ ስልቱ ሌጋሲ ነው። ዊንዶውሱ አንደኛው ፓርቲሽን ላይ ነው፣ ዲ የምትለው ባዶ ድራይቭ አምስተኛው ላይ፣ ኡቡንቱ ስድስተኛው ላይ። ቦታ ለማስፋት ብላ ዲን ከዊንዶውስ ሰረዘችው። በነጋታው ያ ጥቁር ስክሪን መጣ። የወሰደችበት ጥገና ቤት ፎርማት ብቻ ነው መፍትሔው አላት። ጥናቷ ሙሉው ኡቡንቱው ውስጥ ነበር፤ ላፕቶፑን አቅፋ ወደ እኔ መጣች።

የት ላይ ቆመ? ግረብ ተነስቷል፤ ስሙን የጻፈው እሱ ራሱ ነውና። ያጣው የቀረውን አካሉን ነው። በዚያች ጠባብ መቀመጫና አጠገቧ ባለችው ትንሽ ቦታ የያዘው መመሪያ «ቀሪው አካልህ ስድስተኛው ፓርቲሽን ላይ ነው» ይላል። በአሮጌው ስልት ግን አምስተኛው ሲሰረዝ ስድስተኛው የነበረው አምስተኛ ሆኖ ይጠራል። ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ኤልኤስ ብለን ጻፍን። በቅንፍ ውስጥ የፓርቲሽኖቹን ስም ደረደረልን። አንደኛውን ስንጠይቀው «ይህን ፋይል ሲስተም አላውቀውም» አለ፤ ያ ዊንዶውስ ነው፣ በዚህ ጠባብ ሁኔታ ሳለ ግረብ የዊንዶውስን አቀማመጥ ማንበብ አይችልም። አምስተኛውን ስንጠይቀው ቡት፣ ሆም፣ ኢቲሲ የሚሉ የፎልደር ስሞች ዘረዘረ። ልጅቷ ሆም የሚለውን ስታይ ፊቷ በራ፤ ጥናቷ እዚያ ውስጥ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ ፕሪፊክስ የሚለውን ወደ አምስተኛው ፓርቲሽን የግረብ ፎልደር አዞርን፣ ኖርማል የሚለውን ሞጁል ጫንን፣ ኖርማል ብለን ጻፍን። ምርጫው እንደ ድሮው መጣ። ኡቡንቱ ከተነሳ በኋላ ግረብ ኢንስቶል ካላልን ግን ነገ ያው ችግር ይመለሳል፤ መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር የሚታረመው በዚያ ነው። ይህን አትርሱ፤ ብዙ ሰው ማሽኑ ሲነሳለት ደስ ብሎት እዚያው ይተወዋል።

ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የሚጠፋውን አስቡት። የተሳሳተችው ቁጥር አንዲት ናት። የዚች ሴት ሥራ በሙሉ ሊጠፋ የነበረው በዚያች አንዲት ቁጥር ነው። ወንድሞቼ ጥገና ላይ ያላችሁ፤ እውቀታችሁን አልንቅም፣ የዕለት እንጀራችሁ ፍጥነት እንደሚጠይቅም አውቃለሁ። ግን ደንበኛው ፊት «ፎርማት» የምትለው ቃል ከአፋችሁ ከመውጣቷ በፊት ኤልኤስ ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው ሯጭ ላይ የሚወድቀው ዱላ ደግሞ ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞ ከግድግዳ ሶኬት ተነቅሎ የማይቆይ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ በጽሑፍ መካከል ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ኡቡንቱ ይጀምርና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል ላይ ይቆማል። ከርነሉ ተነስቷል፤ ዋናውን ፓርቲሽን ሊከፍት ሲል ግን መዝገቡ ስላልተጣጣመለት አልቀበልም ብሏል። ከቃሉ በላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነቡ የትኛው ፓርቲሽን እንደሆነ ስሙን ይነግራችኋል። ኤፍኤስሲኬ የሚለውን ትእዛዝ ከዚያ ፓርቲሽን ስም ጋር ጻፉ፤ ያስተካክላል፤ ከዚያ ኤግዚት በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይበቃዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ትእዛዙ ለሊኑክስ ፓርቲሽን ነው፤ የዊንዶውስን ፓርቲሽን የምታስተካክሉት በራሱ በዊንዶውስ በቼክ ዲስክ ነው። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የማንበብ ስህተት ተደጋግሞ ከታየ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ስለሆነ መጀመሪያ ፋይሉን ቅዱ። የደከመ ዲስክን ማስተካከያ ትእዛዝ ይብሱን ያደክመዋል።

ከርነሉ ራሱ ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ካለ ግረብ ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለውን ከፍታችሁ የበፊቱን ከርነል ምረጡ፤ ኡቡንቱ አሮጌውን የሚያቆየው ለዚሁ ነው። አራተኛው ሯጭ ላይ ኢመርጀንሲ ሞድ የሚል ከመጣ ኤፍኤስታብ የተባለውን ፋይል ተመልከቱ፤ የሰረዛችሁት ፓርቲሽን ስም እዚያ ቀርቶ ይሆናል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ሁለቱ አብረው በመኖራቸው ብቻ የሚመጡ ጣጣዎች።

መጀመሪያ ፋስት ስታርትአፕ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ዊንዶውስን ሻት ዳውን ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ነገ ቶሎ ለመነሳት። እናንተ ግን «ዘግቼዋለሁ» ብላችሁ ኡቡንቱ ትከፍታላችሁ፤ ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ አለዚያም አልከፍትም ይላል። መልካም አድርጓል፤ በግድ ቢጽፍበት ፋይል ይበላሻል። ከዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉት። እስክታጠፉት ድረስ ከሻት ዳውን ይልቅ ሪስታርት በሉት፤ ሪስታርት በእውነት ይዘጋል።

ቀጥሎ ቢትሎከር። ይህን ስናገር ሁላችሁም እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ካልኩት ሁሉ ፋይል በእርግጥ ሊያሳጣ የሚችለው ይህ ነው። ቢትሎከር የዊንዶውሱን ዲስክ ይቆልፋል። ቁልፉን የሚጠብቀው ቲፒኤም የተባለው ቺፕ ነው፤ ቺፑ የማሽኑ አነሳስ ከተለመደው ከተለወጠበት ቁልፉን አልሰጥም ይላል። ሴኪዩር ቡትን ስታጠፉ፣ ባዮስ አፕዴት ስታደርጉ፣ አንዳንዴም የመነሻውን ተራ ስትለውጡ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ከሌላችሁ የምትከፍቱበት ሌላ መንገድ የለም፤ እኔም አልከፍተውም። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ቁልፊያው እናንተ ሳታውቁት ሊበራ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ቢትሎከር አልጫንኩም» አትበሉ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አካውንታችሁን ከፍታችሁ ቁልፉን ፈልጉ፣ ወረቀት ላይ ገልብጡት፣ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡት። ማዘርቦርዱን ከመነካካታችሁ በፊትም ቢትሎከርን ከዊንዶውስ ለጊዜው አግዱት።

ሴኪዩር ቡትን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ማዘርቦርዱ የሚያስነሳው ፕሮግራም ፊርማ እንዳለው የሚያረጋግጥበት ዘዴ ነው። ሊኑክስ በዚህ በር የሚያልፈው ሺም በተባለች ማይክሮሶፍት በፈረመላት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት ከግረብ ጋር የተያያዘ የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን የቆዩ አስነሺዎችን በማገጃ መዝገብ ውስጥ አስገባ። ማይክሮሶፍት መዝገቡ ሁለት ሲስተም የጫኑ ማሽኖችን እንደማይነካ ተናግሮ ነበር፤ ማጣሪያው ግን አንዳንዶቹን ሳይለይ ቀረ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ላፕቶፑን ሲከፍት ኤስባት የሚል ቃልና «አንድ ነገር ክፉኛ ተበላሽቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጠበቀው። ማይክሮሶፍት ችግሩን የፈታው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባወጣው አፕዴት ነው፤ ወራት ፈጅቶበታል።

ይህን የማነሳው ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አፕዴት ያልተደረገ ሰው ዛሬም ሊገጥመው ስለሚችል ነው። የት ላይ ቆመ? በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሯጭ መካከል፤ ሺም በማገጃው መዝገብ ራሷን ፈትሻ አላልፍም ብላለች። የቢትሎከር ቁልፋችሁን ይዛችሁ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉ፣ ኡቡንቱን አስነሱ፣ ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ መዝገቡን ሰርዙ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ኡቡንቱ ግቡ፣ ኡቡንቱውን አፕዴት አድርጉ፣ ከዚያ ሴኪዩር ቡትን መልሳችሁ አብሩ። ማብራቱን አትተዉ። «ሴኪዩር ቡትን አጥፋና ተገላገል» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ እኔ አልስማማበትም። ለአንድ ቀን ችግር የዘወትር ጥበቃን መስጠት አይገባም።

ሌላው ጣጣ የዲስኩ አሠራር ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ኢንቴል አርኤስቲ በሚባል ስልት ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ኡቡንቱ ሲጫን ዲስኩን አያየውም። ሰው ወደ ባዮስ ይገባና ስልቱን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ይለውጣል፤ ኡቡንቱ ዲስኩን ያየዋል፣ ዊንዶውስ ግን በሰማያዊ ስክሪን አልነሳም ይላል። ስልቱን መልሱት፤ ዊንዶውስ ይነሳል። ከዚያ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዘጋጅታችሁ፣ ስልቱን ለውጣችሁ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ አስነሱት፤ አዲሱን ስልት ይለማመደዋል። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሲሞትም ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ማስተካከያው ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳልና። ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ጊዜ ተመልሶ ካያችሁት ባትሪዋን ቀይሩ፤ ሲአር2032 በሉ፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለች።

የመጨረሻው ትንሽ ነው፣ ግን እዚህ አገር ሁሉንም ይነካል። ከኡቡንቱ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። የተበላሸ ነገር የለም። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ስለሚቀድም ልዩነቱ ልክ ሦስት ይሆናል። ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ኡቡንቱ የአገሩን ሰዓት እንዲጠቀም ማድረግ ትችላላችሁ። በየቀኑ በእጅ ከማስተካከል ያድናችኋል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንለፍ። ፍላሽ ያላችሁ አውጡ፤ እኔ ያዘጋጀሁትን ኡቡንቱ በተራ እንገለብጥላችኋለን። ያልተነሳ ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ከፊት ወዳሉት ጠረጴዛዎች ኑ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ከመምጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ባክአፕ የሌላችሁ በግራ በኩል ሁኑ፤ መጀመሪያ የምንሠራው ፋይላችሁን መቅዳት ነው። ዊንዶውስ 11 ያላችሁ የቢትሎከር ቁልፋችሁን ከአካውንታችሁ ፈልጋችሁ እስክታገኙ ድረስ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ባዮሳችሁን እንዲነካ አትፍቀዱ።